አሳማ በሌለበት ደጋ የሻጋታን ወሬ ማን ያምጣ?

ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን
ለኦሮሚያ ግብርና ቢሮ
ለአርሲ ዞን ግብርና ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ፋጉሎና ፉርሽካ አምርታችሁ ለምትሸጡ፣ ወተት ገዝታችሁ ለልጆቻችሁ ለምታጠጡ

ክቡራን፣

ከአሰላ ስለ አሳማ የሚያወራ ደብዳቤ ይመጣል ብላችሁ አልጠበቃችሁም ይሆናል። በአርሲ ደጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ አይበላም። ከርከሮም ቢሆን ስሙ የሚነሣው ማሳ አበላሸ ሲባል ነው። አሳማ የሚያረቡት ጥቂቶች ያሉት ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ ነው፤ እኔም የማረባው ላም ነው። የማነሣው ጉዳይ ግን ከአሳማ መጀመር አለበት። ሻጋታ በመኖ ውስጥ ስለሚተወው መርዝ ዛሬ ከምናውቀው ብዙ ነገር የታወቀው አሳማ ሲታመም ታይቶ ነውና። ላም እንዲህ ቶሎ አትናገርም። የሰጧትን ትበላለች፤ ከመርዙ ከፊሉን አብላልታ፣ ከፊሉን ወደ ወተቷ አሳልፋ፣ ራሷ ቆማ ትውላለች። እኛም «ላሟ ደህና ናት» ብለን ወተቱን እንሸጣለን።

አሳማ እንደ ሰው አንድ ጨጓራ ብቻ ያለው እንስሳ ነው። የበላው መርዝ መንገድ ላይ የሚያቆመው ነገር ሳያገኝ አንጀቱ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ደሙ ይገባል። ስንዴና ገብስ ገና እሸት ሳሉ የሚይዛቸው ፉዛሪየም የሚባል የሻጋታ ወገን አለ። ከመርዞቹ አንዱ ዲኦክሲኒቫሌኖል ይባላል። በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ያህል ሲገኝ አሳማ መብላት ይቀንሳል፤ ሲበዛበት ያስመልሰዋል። አርቢው በማግስቱ ጠዋት ገንዳው እንዳልጎደለ ያያል፣ ነገሩንም ይጠረጥራል። ሁለተኛው የዚያው ወገን መርዝ ዜራሌኖን ነው፤ በእንስሳ አካል ውስጥ የሴት ሆርሞን መስሎ ይሠራል። ያልደረሰች አሳማ ብልቷ ያብጣል፣ ኮርማ የምትፈልግ ትመስላለች፤ የደረሰችው ደግሞ ፅንስ አልይዝ ትላለች። በአሜሪካ የበቆሎ አገር ይህን ከሻገተ በቆሎ ጋር ያያያዙት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነበር። በዚያው ዘመን ዴንማርክ ውስጥ የታረዱ አሳማዎች ኩላሊታቸው ገርጥቶና አብጦ ይገኝ ጀመር፤ እዚያም የሻገተ እህል ተጠረጠረ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ጥፋተኛው ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ መሆኑ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተሰበሰበው የአሜሪካ በቆሎ ደግሞ የብዙ አሳማዎችን ሳንባ ውኃ እየሞላ ገደላቸው። ፉሞኒሲን የተባለው መርዝ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተለይቶ ከታወቀ ያኔ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ያ በቆሎ በጸጥታ ተበልቶ እንዳያልቅ የአሳማዎቹ ሞት ረድቷል።

አፍላቶክሲን የተባለውን ሌላውን የሻጋታ መርዝ ያጋለጠው ግን አሳማ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100 ሺህ በላይ አለቁ። በሽታው ምን እንደሆነ ጠፍቷቸው ቆይተው መኖውን ሲመረምሩ መርዙን የያዘው ከብራዚል የመጣ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ የለውዝ ፋጉሎ ሆነ። ፋጉሎ መሆኑን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«ዶሮ አለን አይደል፣ እሱ ይንገረን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ዶሮም ለአፍላቶክሲን ደካማ ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ዶሮ ሲሞት ፈንግል ነው ተብሎ ይቀበራል፤ ሆዱን ከፍቶ ጉበቱን የሚያይለት የለም። ብዙውን ጊዜ ደግሞ በእርግጥም ፈንግል ነው፤ ስለዚህ በሻጋታ የሞተው በፈንግል ከሞተው ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ወደ ላሟ ልመለስ። የላም የመጀመሪያው ትልቅ ከርስ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት ዲኦክሲኒቫሌኖልንና ኦክራቶክሲንን በአብዛኛው ይሰባብሯቸዋል። አሳማን የሚያስመልሰው መኖ ለላም ብዙም የማይታወቃት በዚህ ምክንያት ነው። አፍላቶክሲን ላይ ግን እነዚህ ሕዋሳት ያን ያህል አቅም የላቸውም። መርዙ አልፎ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበት አፍላቶክሲን ቢ1 የሚባለውን ወደ ኤም1 ይለውጠዋል፤ ኤም1 ደግሞ ወደ ወተት ይወርዳል። ላሟ የተበከለ መኖ በበላች ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ወተቷ ላይ ይገኛል። መኖው ሲቀየርላት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። በአብዛኛው ከበላችው መርዝ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ወደ ወተት ያልፋል፤ ብዙ በምትታለብ ላም ላይ እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ይህን ያህል የደከምንባት፣ በማዳቀል ያሻሻልናት ላም ከአገሬዋ ላም ይልቅ መርዙን አሳላፊ ናት። ብዙ ስለምትታለብ ፋጉሎም የሚሰጠው ለእሷ ነው።

ወተቱን ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም፤ በፋብሪካ ፓስቸራይዝ ማድረግም አያጠፋውም። ኤም1 ካዜይን ከሚባለው የወተት ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ወተት ሲናጥ ወደ ቅቤው የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ብዙው አሬራው ውስጥ ይቀራል፣ ከአሬራውም ወደ አይቡ ይገባል። ቅቤው ለገበያ ይወጣል፤ አሬራውና አይቡ ለቤት ሰው፣ በተለይም ለልጆች ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ሳይንስ እንዳይመስላችሁ። በ2007 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርበው አካባቢ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙና ሰብስቦ መረመረ። ኤም1 ያልተገኘበት ወተት አልነበረም። አውሮፓውያን ለወተት ያስቀመጡትን በሊትር 0.05 ማይክሮ ግራም ያላለፉት 9 ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። አሜሪካ የምትሠራበትን፣ ዐሥር እጥፍ የላላውን 0.5 ማይክሮ ግራምም ቢሆን ከአራቱ ናሙና አንዱ ያህል አልፎታል። ከመኖዎቹ መካከልም ንጹሕ ሆኖ የተገኘ አልነበረም፤ ዝቅተኛው በኪሎ 7፣ ከፍተኛው 419 ማይክሮ ግራም ቢ1 ይዟል። በጣም ከከፉት አንዱ የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ ከ290 እስከ 397። የስንዴ ፉርሽካ ግን ከ9 እስከ 31 ነበር።

በሒሳብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ቁጥር ሳይሰላ ማንንም አያስፈራም። አንዲት ላም በቀን ሁለት ኪሎ ፋጉሎ ትበላለች እንበል፤ በኪሎ 300 ማይክሮ ግራም ካለው በቀን 600 ማይክሮ ግራም ቢ1 ዋጠች ማለት ነው። ከዚህ 1 በመቶው ብቻ ወደ ወተቷ ቢያልፍ 6 ማይክሮ ግራም ይሆናል። በቀን 10 ሊትር ብትታለብ እያንዳንዱ ሊትር 0.6 ይይዛል። ይህ የአሜሪካንን ድንበር አልፏል፤ ከአውሮፓውያኑ ደግሞ 12 እጥፍ ነው። 2 በመቶ ካለፈ ሁሉንም እጥፍ አድርጉት። አውሮፓ ለምትታለብ ላም በሚሰጥ መኖ ውስጥ የምትፈቅደው በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም ብቻ የሆነበት ምክንያት ይኸው ስሌት ነው።

እዚህ ላይ አሰላን የሚያውቅ ሰው አንድ ጥያቄ ያነሣል፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ብርድ አገር ናት። አፍላቶክሲንን የሚያመነጨው አስፐርጊለስ ደግሞ ሙቀት ይወዳል፤ መርዙን በብዛት የሚሠራው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት፣ እርጥበት ባለበት ቦታ ነው። ታዲያ የእኛን ደጋ ምን አገባው? መልሱ፣ መርዙ በእኛ ዘንድ አይሠራም፣ ይመጣል እንጂ። ኑግ የሚበቅለው ሌላ ቦታ፣ የሚጨመቀው ሌላ ቦታ ነው፤ ፋጉሎው በኬሻ ሆኖ በአይሱዙ በአዳማ መንገድ ሽቅብ ይወጣል። አሰላ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ ወይም ኮፈሌ ሲደርስ አድሮበት የመጣውን መርዝ ይዞ ነው። የእኛ ብርድ አዲስ ሻጋታ እንዳይፈጠር ይረዳ ይሆናል፤ የተፈጠረውን መርዝ ግን አያነሣውም። ሻጋታው ራሱ ደርቆ ቢሞት፣ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ፣ ቢራገፍ፣ ቢፈጭ መርዙ በቦታው ነው። ሻጋታ የማይታይበትና የማይሸት ፋጉሎ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም።

ስለዚህ የአርሲ ደጋ ሁለት ዓይነት ጉዳይ አለበት። አንደኛው ከቆላና ከወይና ደጋ የሚመጣልን አፍላቶክሲን ነው። ሁለተኛው የራሳችን ነው፤ በብርድና በእርጥበት፣ እዚሁ ማሳችን ላይ የሚበቅለው። ስለዚህኛው የምናገረው በቂ ምክንያት ኖሮኝ ነው፤ በ1993 ዓ.ም. የደረሰውን የምታስታውሱ አላችሁና።

በዚያ ዓመት በአርሲ ዞን ገብስ በልተው እግራቸውና እጃቸው የጠቆረ፣ የደረቀ፣ በኋላም አካላቸው እየተቆረጠ የወደቀባቸው ሰዎች ነበሩ። የሞቱም ነበሩ። የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ገብሱን ሲመረምሩ ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ የሚባለውን ፈንገስ አገኙ። በዛላው ላይ ፍሬው መያዝ በነበረበት ቦታ ጠቁሮ፣ ከፍሬው ረዝሞ፣ የአይጥ ኩስ መስሎ ይበቅላል። መርዙ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ከልብ ርቀው ያሉት ጣቶችና እግሮች ደም ያጥራቸዋል። ከዚያ በፊት በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎም ተመሳሳይ መከራ ደርሶ ነበር፤ እዚያ ጥፋቱ ከእህል ጋር የተቀላቀለው ሲናር ነበር።

ሰው ከዚህ ተምሯል። ገብሱን ያበጥራል፣ ጥቁሩን ይለቅማል፣ እንክርዳዱን ያወጣል። ብጣሪውስ? ብጣሪው ለዶሮና ለከብት ነው፤ በእኛ ሰፈር የሚጣል ነገር የለም፣ ልጣልም ብትሉ ሽማግሌ ይቆጣችኋል። ከሰው ገበታ የወጣው ክፉ ነገር ሁሉ ተጠራቅሞ፣ ከገብሱ ይልቅ ብጣሪው ውስጥ በዝቶ፣ ወደ ገንዳ ይሄዳል። ላም ይህን ስትበላ የጆሮዋ ጫፍና የጅራቷ ጫፍ ሊደርቅ፣ ሰኮናዋ ሊላቀቅ ይችላል፤ በብርድ አገር ይብሳል። ብዙ ጊዜ ግን እዚያ አይደርስም። ወተቷ ብቻ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ይኸው መርዝ ወተት እንዲመጣ የሚያዘውን ሆርሞን ያዳክማል። አሳማ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ እናቲቱ ወልዳ ጡቷ ደርቆ ይቀራል፣ ግልገሎቹም በቀናት ውስጥ በረሃብ ያልቃሉ። አርቢው ይጮኻል። የላም ወተት በሁለት ሊትር ሲቀንስ ግን ማን ይጮኻል? «ድርቆሹ አልተስማማትም»፣ «ዓይን ነው»፣ «ብርዱ ነው» ይባላል።

የሚያሳዝነው እኛ ሻጋታና እርጥበት መለካት የማናውቅ ሰዎች አለመሆናችን ነው። አሰላ የብቅል ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ለብቅል የሚቀርብ ገብስ በር ላይ እርጥበቱ ይለካል፣ የመብቀል አቅሙ ይታያል፣ የማይሆነው ይመለሳል። የተመለሰበት ገበሬ ይበሳጫል እንጂ ለምን እንደተመለሰበት ያውቃል። ቢራ ጠጪው እንዲህ ተጠብቋል። ያ የተመለሰው ገብስ ግን አይጠፋም፤ ገበያ ላይ ርካሽ ሆኖ ይቆያል፣ ተፈጭቶም መኖ ይሆናል። የሚያስቀረውም በር የለም። በቢራና በወተት መካከል የቱ የበለጠ ጥበቃ እንደሚገባው ለእናንተ መንገር ያሳፍረኛል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከዚህ ቅርብ ነው፤ የስንዴ ዋግ ሲነሣ ናሙና ይሰበሰባል፣ ዝርያው ይለያል፣ ገበሬው በጊዜ ይነገረዋል። ብዙ ማሳ ላይ የነበረው ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ በ2006 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ሲመታ ባሌና አርሲ ያዩትን ማንም አልረሳውም፤ ከዚያ ወዲህ ዋግን የሚከታተል ዓይን በዝቷል። ዋግ ምርትን ስለሚቆርጥ ይታያል። ፉዛሪየም ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብ ሲረዳው በዚያው ማሳ ላይ ይቀመጣል፤ ኮምባይነር አጭዶ እስኪጨርስ እህሉም ጭዱም እርጥብ ነው። እህሉ ተሸጦ ይሄዳል። ጭዱ እርጥብ ሆኖ ይከመራል፤ ከክምሩ ውስጥ የሻገተው ለወተት ላም አይሰጥም ተብሎ ለጊደርና ለጥጃ ይሰጣል። ጥጃ ግን ከርሱ ገና ስላልጎለበተ ለእነዚህ መርዞች ከእናቱ ይልቅ ወደ አሳማ የሚጠጋ ነው። «ሻጋታው ለጥጃ» የሚለው ልማድ ከላይ እስከ ታች የተገለበጠ ነው።

ክቡራን፣ ፋጉሎ ይከልከል አልልም። ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ላም አርብቶ አያውቅም ማለት ነው። ፋጉሎ የሚገኘው ርካሽ ፕሮቲን ነው፤ አልፋልፋ በመትከል ከፊሉን መተካት ይቻላል፣ እኔም የምችለውን ያህል አደርጋለሁ፣ መሬቷ ግን ጠባብ ናት። ፋጉሎ ከታገደ ወተቱ በግማሽ ይወርዳል፣ የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብርም በዘፈን ይቀራል። ወተት ይደፋ፣ አርቢ ይቀጣ የሚለውንም እቃወማለሁ። የ2008 ዓ.ም.ን መጀመሪያ አስታውሱ፤ ከላይ ያነሣሁት የወተት ጥናት ወሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሲናፈስ ሰው ከወተት ሸሸ፣ ወሬውን ያልሰማችው ላምና ምንም ያላጠፋው አርቢ ግን ተጎዱ። አርቢው ፋጉሎውን አልሠራውም፤ ኬሻው ላይ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ማን እንደሠራው እንኳ አያውቅም። ሸቀጡን አይቶ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ ይገዛል። አፍላቶክሲን ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕም የለውም።

አዋጅ ቁጥር 728/2004 የእንስሳት መድኃኒትንና መኖን አስተዳደርና ቁጥጥር በሕግ አስቀምጧል፤ ያ ሥራ ዛሬ በግብርና ባለሥልጣን እጅ ነው። ስለዚህ አዲስ ሕግ እንዲወጣ አልለምንም። የምለምነው ሕጉ እስከ ኬሻው እንዲወርድ ነው።

መጀመሪያ ቁጥጥሩ ከታች ሳይሆን ከላይ ይጀምር። አንድ ዘይት መጭመቂያ በአንድ ሳምንት የሚያወጣው ፋጉሎ በመቶ ለሚቆጠሩ አርቢዎች ይደርሳል፤ እነሱን በየደጃቸው ከመፈተሽ መጭመቂያውን መፈተሽ ይቀላል። ፈጣን የመመርመሪያ ስትሪፕ ዋጋ አለው፣ አውቃለሁ፤ ለአንድ መኪና ጭነት አንድ ምርመራ ሲደረግ ግን በኬሻ ሲካፈል ሳንቲም ነው። ስለ ናሙናው አወሳሰድ አደራ እላለሁ። ይህ መርዝ በጭነቱ ውስጥ እኩል አይበተንም፤ አንድ ኬሻ ውስጥ ተከማችቶ በጎኑ ያለው ነፃ ሊሆን ይችላል። ከላይ አንድ እፍኝ ወስዶ «ንጹሕ ነው» የሚል ማኅተም መምታት ካለመመርመር የከፋ ነው። ከብዙ ኬሻ፣ ከላይም ከመሐልም ከታችም ተወስዶ፣ ተቀላቅሎ፣ ተፈጭቶ ከዚያ ይመርመር።

ኬሻው ላይ የመጭመቂያው ስም፣ የተመረተበት ወርና የእርጥበት መጠኑ ይጻፍ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ቀለምና ቅንነት ይበቃዋል። ችግር ሲገኝ ወደ ኋላ ተመልሶ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚቻለውም እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

ከተማችን የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ አላት፤ በአርሲ ዩኒቨርሲቲም የግብርና ኮሌጁ እዚሁ አሰላ ነው። ሰው አለ፣ ቤት አለ። የወተት ማኅበራት በየወሩ የጋራ ናሙና ይዘው የሚቀርቡበት፣ ዋጋውም በማኅበር የሚከፈል አንድ መስኮት ይከፈትልን። እኔ ለምሳሌ ኬሻ ተሸክሜ የማንኳኳው በር የትኛው እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። ውጤቱ ሲገኝ ለቅጣት ሳይሆን መጀመሪያ ለመኖ መቀየሪያ ይዋል፤ ላሟ መኖዋ ከተቀየረ ወተቷ በጥቂት ቀን ይጠራል ብያለሁና፣ ይህ በዚህ ሁሉ ክፉ ወሬ ውስጥ ያለ መልካም ዜና ነው። አርቢ ይህን ቢያውቅ ለራሱ ሲል ይቀይራል።

ለአርሲ ዞን ግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለኝ። የእርጥበት መለኪያ በየማኅበሩ አንድ ቢኖር፣ እህል ከ13 በመቶ በታች ሳይደርቅ ወደ ጎተራና ወደ መጋዘን እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል። የልማት ሠራተኞቻችሁ ስለ ማዳበሪያ ከሚናገሩት ግማሹን ያህል ስለ ብጣሪ ቢናገሩ፣ ጥቁሩ ፍሬ ለዶሮም ለላምም እንደማይሰጥ፣ እንደሚቀበር ወይም እንደሚቃጠል ቢያስተምሩ፣ የ1993ቱ ዓይነት መከራ በከብት በኩል ተመልሶ አይመጣም። ሻጋታው ለጥጃ የሚባለውንም እናንተ ብቻ ናችሁ ልታስተዉ የምትችሉት፤ ጎረቤቴን እኔ ብነግረው «ተማርኩ ባይ» ይለኛል።

አንድ ነገር ላክል። አፍላቶክሲንን በከርስ ውስጥ ይዞ የሚያስቀር የሸክላ ዓይነት አለ፣ ቤንቶናይት ይባላል። በሌሎች አገሮች መኖ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩታል፤ መርዙ ወደ ደም ሳይገባ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። ለፉዛሪየም መርዞች ግን እምብዛም አይረዳም፣ ስለዚህ ለሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣ አትመኑት። አፋር ውስጥ የቤንቶናይት ክምችት አለን። ለመኖ የሚሆን መሆን አለመሆኑን፣ ምን ያህል እንደሚጨመር፣ ሌላ የሚጎዳ ነገር እንዳለውና እንደሌለው የሚፈትሽ የምርምር ተቋም ይኑር፤ ቢሆንልን በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዱቄት ከመጠበቅ ያድነናል።

የኬንያን ነገር የምታውቁ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቁ ክፍል በእርጥብ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ። ያን ዓይነት መርዝ ድምፅ አለው፤ መንግሥትም፣ ጋዜጣም፣ ሆስፒታልም ይሰማዋል። የእኛ የወተቱ ጉዳይ እንዲያ አይጮኽም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው፤ የሚጎዳው ጉበት ነው፤ ውጤቱ ከታየም ከዓመታት በኋላ ነው፤ አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በአንደኛ ደረጃ መድቦታል። ከዓመታት በኋላ የሚታመም ሰው ልጅ ሳለ የጠጣውን ወተት አያስታውስም፣ ሐኪሙም አይጠይቀውም። ስለዚህ ማንም ሳይታመም፣ አንድም ላም ሳትወድቅ መለካት አለብን። የሚነግረን እንስሳ ስለሌለን መሣሪያ ያስፈልገናል።

መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ፋጉሎና ጭድ በብዛት ይገዛል፤ ከጥር እስከ ግንቦት ላሞቻችን የሚኖሩት በዚያ ነው። ምርመራው የሚጀመር ከሆነ ከዚያ በፊት ቢጀመር ይጠቅማል። የመጀመሪያውን ናሙና ለመስጠት ፈቃደኛ የሆንን የወተት አርቢዎች በአሰላና በዙሪያዋ አለን፤ ከመጋዘናችንም ከላማችንም ትወስዳላችሁ፣ ውጤቱ ቢከፋም ለጋዜጣ ከመናገራችሁ በፊት ለእኛ እንድትነግሩን ብቻ እንጠይቃለን። ቀኑንና ቦታውን በዞኑ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን፤ ኬሻ በኬሻ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወተት ላም አርቢ
አሰላ